ዕቁብ የወጣለት መርፌ

ናይሮቢ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን በሞምባሳ መንገድ ላይ ሁለት ዓይነት ተጠባባቂ ይታያል። አንደኛው ማታቱ በሚባለው ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቆ የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው፤ መንገዱ እስኪከፈት ይጠብቃል። ሁለተኛው ከመንገዱ ዳር ግራር ላይ ትከሻውን ሰብቆ የቆመው አባ ኮዳ ነው፤ እሱ የሚጠብቀው አስፋልቱ እስኪግል ነው። (ሰዓቱን በስዋሂሊ ቢጠይቁም መልሱ ያው «አራት» ነው። እዚያም እንደ ሐበሻ አገር የቀኑ ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ ነው።)

ከሁለቱ ቀድሞ የሚንቀሳቀሰው ወፉ ነው። አነሳሱ ያሳዝናል፤ ጠረጴዛ ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ሽማግሌ ይመስላል። ከዛፉ ትንሽ ከፍ እንዳለ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ2 ሜትር ተኩል የሚያልፈውን ክንፉን ወጥሮ መዞር ይጀምራል። አያርገበግብም። ይዞራል፣ ይዞራል፤ ማታቱው ሁለት መኪና ያህል ፈቀቅ ሲል እሱ ሰማይ ላይ ነጥብ ሆኗል።

ዘዴው የታወቀ ነው። ፀሐይ መሬቱን ታግላለች፣ መሬቱ አየሩን ያሞቃል፣ የሞቀው አየር እንደ ዕጣን ጭስ ዓምድ ሠርቶ ሽቅብ ይሄዳል። አብራሪዎች ተርማል ይሉታል። ግላይደር የሚባለው ሞተር አልባ አውሮፕላንም የሚኖረው በዚሁ ነው፤ ጎትተው ይለቁታል፣ ከዚያ በኋላ ከተርማል ወደ ተርማል እየለመነ ይውላል። ልዩነቱ፣ ወፉ ዓምዱ ውስጥ መግባቱ ይገባዋል፤ ሰውዬው አይገባውም።

ይህ ስድብ አይደለም። በ1973 እ.ኤ.አ. የተመረቀውና 28 ፎቅ ያለው የኬንያታ ዓለም አቀፍ የስብሰባ ማዕከል አሳንሰር ውስጥ የገባ ሰው ነገሩን በራሱ ሆድ ይፈትነዋል። አሳንሰሩ ሲነሳ ሆድ ወደ ታች ይቀራል፤ ሲቆም ደግሞ ሆድ ወደ ላይ ይቀጥላል። መሃል ላይ ግን፣ የፎቁን ቁጥር ካላዩ በቀር፣ እየወጡ ይሁን ተበላሽቶ ቆሞ ይሁን መለየት አይቻልም። በጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን የሚሰማው የፍጥነትን መለወጥ እንጂ ፍጥነትን አይደለም። ስለዚህ አብራሪ «እየወጣህ ነው» ብሎ የሚነግረው ሌላ አካል ያስፈልገዋል። ያ አካል ቫሪዮሜትር ይባላል።

ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ፔርሙዝ ነው። ከመቀመጫው ጀርባ ግማሽ ሊትር የማይሞላ፣ ብዙ ጊዜ 450 ሚሊሊትር የሚይዝ፣ ሙቀት የማያስገባ ዕቃ ይቀመጣል። ከዕቃው ቀጭን ቱቦ ወጥቶ መርፌ ባለው መለኪያ በኩል አልፎ ከውጭው አየር ጋር ይገናኛል። አውሮፕላኑ ከፍ ሲል የውጭው ግፊት ይቀንሳል፤ ፔርሙዙ ውስጥ ታፍኖ የነበረው አየር ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ በመንገዱ መርፌውን ሽቅብ ይገፋል። ሲወርድ አየሩ ይመለሳል፣ መርፌውም ቁልቁል ይላል። ፔርሙዝ የሆነበት ምክንያት አየሩ በፀሐይ ሞቆ፣ አውሮፕላኑ ሳይወጣ እሱ ብቻውን እንዳይወጣ ነው። አንዳንዱ እንዲያውም ሙቀቱን እንዲያረጋጋለት የመዳብ ጭረት ይጠቀጥቅበታል። ለአባ ኮዳ ስሙን ያወጣለት ሰው ከአንገቱ የተንጠለጠለውን ከረጢት ኮዳ አድርጎ ሳያየው አልቀረም፤ እንግዲህ በኬንያ ሰማይ ላይ የሚዞሩት ሁለቱም ባለኮዳዎች ናቸው። የወፉ ኮዳ ግን ከመርፌ ጋር አልተገናኘም።

መሣሪያው መጀመሪያ የፊኛ በራሪዎች ነበር። ወደ ግላይደር የገባው በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ አሌክሳንደር ሊፒሽ የተባለው ጀርመናዊ ንድፍ አውጪ ለኦስትሪያዊው በራሪ ለሮበርት ክሮንፌልድ ሐሳቡን ካቀበለው በኋላ ነው። ክሮንፌልድ በ1929 በዚያ መሣሪያ ታግዞ ሰው ያላሰበውን ርቀት ሲበር፣ በዚያው ዓመት ናይሮቢ ውስጥ ፍሎረንስ ዊልሰን የተባለች ሴት ዊልሰን ኤርዌይስን እያቋቋመች ነበር። ዛሬ ከከተማው ደቡብ፣ ከብሔራዊ ፓርኩ አጥር ጥግ ያለው ዊልሰን አየር ማረፊያ ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው።

ችግሩ የመጣው መርፌው ከመታመኑ ነው። ችግሩን ለመረዳት ደግሞ ከአየር ማረፊያው ይልቅ ኢስሊ ወደሚባለው የናይሮቢ ሰፈር መሄድ ይሻላል።

ኢስሊ ውስጥ አንድ ሐበሻ ነጋዴ አለ እንበል። 20 አባላት ያሉት ዕቁብ ውስጥ ገብቶ በየሳምንቱ 5,000 ሺሊንግ ይጥላል። ዕጣው ሳይወጣለት፣ ሳይወጣለት ቆይቶ የመጨረሻው ሳምንት ላይ ደረሰው። ስልኩ ጢን አለ፤ 100,000 ሺሊንግ በኤምፔሳ ገባ። ሰውዬው ደረቱን ነፋ። ለጓደኞቹ ክትፎ አዘዘ፣ ለራሱ ጫማ ገዛ፣ ማታ ቤት ሲገባ በፉጨት ነበር። ባለቤቱ ግን ሒሳብ ትችላለች። «አንተ ሰውዬ፣» አለችው፣ «ይሄ እኮ ሃያ ሳምንት ሙሉ ስጋ ሳንበላ ያጠራቀምነው ነው። ምን ተጨመረልህና ነው?»

ማካካሻ ያልተገጠመለት ቫሪዮሜትር ያ ባል ነው።

አንድ ግላይደር በሰዓት 150 ኪሎሜትር እየበረረ አብራሪው መሪ ዘንጉን ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ ሳበው እንበል። አፍንጫው ይነሳል፤ ፍጥነቱ ወደ 90 ይወርዳል። የጠፋው ፍጥነት የትም አልሄደም፤ ከፍታ ሆኗል። ሒሳቡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚሠራው ነው፦ 150 ኪሎሜትር በሰዓት ወደ ከፍታ ሲመነዘር 88 ሜትር ያህል ያወጣል፤ 90 ደግሞ 32 ሜትር። ልዩነቱ 56 ሜትር ነው። ከእሱ ላይ የአየሩ ሰበቃ ጥቂት ይቆርጣል፣ እንደ ዕቁብ ዳኛ አበል ማለት ነው። ይህ ሁሉ በ10 ሰከንድ ውስጥ ካለቀ መርፌው በሰከንድ 4 ሜትር ያህል መውጣትን ያሳያል። ይህን ያህል የሚያወጣ ተርማል ያገኘ አብራሪ ለሳምንት የሚያወራው ነገር አለው። ሰውዬው ጮቤ ረግጦ መዞር ይጀምራል። ግማሽ ዙር ሳይሞላ መርፌው ይወድቃል፤ ምክንያቱም ተርማል አልነበረም፣ የራሱ ፍጥነት ነበር። ከኪስ አውጥቶ ባንክ ያስገባውን ገንዘብ እንደ ደመወዝ ጭማሪ ቆጥሮት ነው።

ተቃራኒውም አለ። እውነተኛ ተርማል ውስጥ እያለ ትንሽ አፍንጫውን ዝቅ ቢያደርግ መርፌው ቁልቁል ይልና «እዚህ ምንም የለም» ይለዋል። ሀብት ላይ ቆሞ ደኸየሁ ብሎ የሚሰደድ ሰው ከዚህ ይለይ ይሆን?

መድኃኒቱ የሚስቲቱን ዓይን ለመርፌው መስጠት ነው። ከፍታው በባንክ ያለ ገንዘብ ነው፣ ፍጥነቱ በኪስ ያለ። መርፌው ሁለቱን ደምሮ ድምሩ ካልተለወጠ ዝም ማለት አለበት፤ አየሩ በእውነት ሲጨምርለት ብቻ «አገኘሁ» ይበል። በራሪዎች ይህን የጠቅላላ ኢነርጂ ማካካሻ ይሉታል። በወሬ ደረጃ ቀላል ነው። ክርክሩ የሚነሳው በምን ይሠራ ሲባል ነው፤ ቡና ሦስተኛው ላይ ደርሶም አያልቅም።

የቆየውና ለዚህ ጸሐፊ ልብ የሚቀርበው ቱቦው ነው። ከግላይደሩ የቆመ ጭራ ላይ ወደፊት የወጣ፣ ጫፉ የታጠፈ፣ ቀጭን ቱቦ ይታያል። ቀዳዳው ከፊት ሳይሆን ከጀርባ ነው። ነፋሱ በቱቦው ላይ ሲያልፍ ከኋላው ይመጠምጣል፤ መጠኑ በትክክል ከተሠራ የሚመጠምጠው ግፊት ፍጥነቱ ፊት ለፊት ከሚገፋው ግፊት ጋር እኩል ነው። አብራሪው ዘንጉን ስቦ ሲወጣ የውጭው ግፊት ይቀንሳል፤ በዚያው ቅጽበት ፍጥነቱም ስለሚቀንስ መምጠጡ ይላላል። አንዱ የወሰደውን ሌላው ይመልሳል። ፔርሙዙ ምንም እንዳልሆነ ይቀመጣል። ኤሌክትሪክ የለም፣ ባትሪ የለም፣ የሚሽከረከር ነገር የለም።

እንዲህ ዓይነት ቱቦዎች ብዙ አባት አላቸው። አንደኛው በጀርመኗ ከተማ በብራውንሽቫይግ ስም ይጠራል። በ1970ዎቹ ደግሞ ኦራን ኒክስ የተባለ አሜሪካዊ ከሁሉም ቀላሉን አወጣ፤ ወደፊት ያዘነበለ ቱቦ፣ ከጀርባው አንድ ቀዳዳ። ኒክስ በናሳ የጨረቃና የፕላኔቶች ጉዞ ፕሮግራሞችን የመራ ሰው ነበር። ማርስ ድረስ መንኮራኩር የላከ ሰው ጭራ ላይ የሚሰካ ቱቦ ሲያጥፍ መዋሉ ምርምር ማለት ምን እንደሆነ ያሳያል።

ሁለተኛው ዓይነት በስስ ሽፋን የሚሠራው ነው። ትንሽ ከበሮ አስቡ፤ በአንድ በኩል የፍጥነቱ ግፊት ይገፋዋል፣ በሌላ በኩል ከፔርሙዙ ጋር ተያይዟል። ፍጥነት ሲቀንስ ከበሮው ይላላና ለፔርሙዙ አየር ቦታ ይሰጣል፤ አየሩም በመርፌው በኩል መውጣቱን ትቶ እዚያው ይሸሸጋል። ብልህ ዘዴ ነው፤ ለናይሮቢ ግን አይሆንም። ለምን ቢባል ከበሮው የሚያውቀው አንድ ከፍታ ብቻ ነው። ፔርሙዙ ውስጥ ያለው አየር በሳሳ ቁጥር ማካካሻው የሚያስፈልገው ቦታ ይሰፋል፤ ከበሮው ግን አይሰፋም።

ዊልሰን አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል 1,690 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ግፊቱ ሞምባሳ ባሕር ዳር ካለው በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ከበሮ እዚህ ሲመጣ ከ56ቱ የሐሰት ሜትሮች 10 ያህሉን ሳይሰርዝ ይተዋል። ይህም አውሮፕላኑ ገና ሳይነሳ ነው። 3,000 ሜትር ላይ ሲደርስ የተረሳው 17 ሜትር ይሆናል። ማለትም አብራሪው የበለጠ በወጣ ቁጥር መርፌው ወደ ባልየው ፀባይ ይመለሳል። ቱቦው ግን ይህ በሽታ የለበትም፤ አየሩ ሲሳሳ ግፊቱም መምጠጡም አብረው ስለሚሳሱ ዊልሰንም ላይ፣ ከኬንያ ተራራ ትከሻ ላይም ሒሳቡ አንድ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የማይፈላበት፣ ባቄላ ሁለት ሰዓት የሚቀቀልበት አገር የሚኖር ሰው ይህ ሊገባው ይገባል። አዲስ አበቤ ደግሞ ሳይነገረው ያውቀዋል።

ሦስተኛው ኤሌክትሮኒክ ነው። አንድ ግፊት ለከፍታው፣ አንድ ግፊት ለፍጥነቱ ይለካና ኮምፒውተሩ ደምሮ ቀንሶ ያወጣዋል፤ ካልተስማማ በምናሌው ውስጥ የማካካሻውን በመቶኛ ከፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ሁለቱ ግፊቶች በአንድ ጊዜ መድረስ አለባቸው። አንዱ ቱቦ ረጅም፣ ሌላው አጭር ከሆነ አንዱ መልእክተኛ ቀድሞ ይደርስና መርፌው ይወራጫል፤ ሁለተኛው ሲደርስ ይቅርታ ይጠይቃል። የባሰው ስህተት ግን ጭራው ላይ ቱቦ ሰክቶ፣ ከመሣሪያው ጋር አገናኝቶ፣ በምናሌውም ውስጥ ማካካሻውን ከፍቶ መተው ነው። አንድ ዕዳ ሁለት ጊዜ ይቆረጣል። እንዲህ ያለ መርፌ ሲወጡ ይወርዳል፣ ሲወርዱ ይወጣል፤ ባለቤቱም ናይሮቢ ላይ አየሩ ተገልብጧል ብሎ ያምናል።

በዚያው ኮምፒውተር ላይ «ኔቶ» የሚባል ነገርም አለ፤ የግላይደሩን የራሱን መስመጥ ቀንሶ አየሩ ብቻውን ምን እንደሚሠራ ያሳያል። የተጣራ ደመወዝ እንደማለት ነው፣ በግልባጩ።

ናይሮቢ ላይ እንዲህ ያለውን ሒሳብ እንጀራው ያደረገ ሰው ነበር። እንግሊዛዊው የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ ኮሊን ፔኒኩዊክ በ1960ዎቹ መጨረሻ መጥቶ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ ከዚያም ወደ ሴሬንጌቲ ተሻገረ። ወፎች እንዴት ሳያርገበግቡ እንደሚሄዱ ለማወቅ ሌላው ሰው መነጽር ይዞ መሬት ላይ ሲቆም እሱ ኤኤስካ 14 የምትባል ባለአንድ ወንበር ሞተር ግላይደር ውስጥ ገብቶ ጥንብ አንሳዎቹን ተከተለ። አብሯቸው ዞረ፣ አብሯቸው ወጣ፣ አብሯቸው ወደሚቀጥለው ተርማል ሮጠ። ውጤቱ በ1972 አይቢስ በተባለው የወፎች ጥናት መጽሔት ወጣ። አሞራን በራሱ ሜዳ ገብቶ በመርፌ መለካት ማለት ይህ ነው፤ እንዲህ የሚሠራ ሰው መርፌው ከዋሸው አሞራውንም በሐሰት ይመሰክርበታል።

ከተከተላቸው ወፎች አንዱ የሩፔል ጥንብ አንሳ ነው። ስሙ የመጣው በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ድረስ ከዘለቀው ጀርመናዊ ተጓዥ ከኤድዋርድ ሩፔል ነው። ከዚህ ዝርያ አንዱ በኅዳር 1973 እ.ኤ.አ. አቢጃን ላይ በ11,300 ሜትር ከፍታ ከጄት አውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። ከዚያ በላይ የወጣ ወፍ አልተመዘገበም። ቫሪዮሜትር አልነበረውም፤ ለመውረጃም አልተረፈም።

የኬንያ ግላይደር በራሪዎች ለዓመታት መዋያቸው ናይሮቢ ራሷ ሳትሆን በስተሰሜን፣ ንዬሪ አጠገብ ያለችው ምዌይጋ ናት፤ በአንድ ወገን የአበርዴር ተራሮች፣ በሌላው የኬንያ ተራራ። እዚያ ማካካሻ የሚያስተካክል ሰው ሥራው ከአውሮፕላን ይልቅ የቧንቧ ሠራተኛ ሥራ ይመስላል። ከጭራ እስከ መቀመጫ ብዙ ሜትር ቱቦ ተዘርግቷል፤ በየመገጣጠሚያው ሊያፈስ ይችላል። አንድ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለች የጭራው ቱቦ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን መርፌው የሚሰማው የጓዳውን አየር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በሲሪንጅ ቀስ ብሎ ስቦ፣ ጫፉን ዘግቶ፣ መርፌው እንደሚረጋ ማየት ያስፈልጋል። በአፍ መንፋት የተከለከለ ነው። የተከለከለ ቢሆንም ሁሉም አንድ ጊዜ ነፍቶ፣ አንድ ጊዜ መለኪያ ገድሎ ነው የሚማረው። ቀጥሎ የቱቦው ቦታ ነው፤ ጭራውን ተጠግቶ ከተሰካ ጭራው ፊት ለፊት የሚጠራቀመው ግፊት መምጠጡን ያዳክመውና ማካካሻው ይጎድላል።

ከዚያ በራሱ በአየር ላይ መፈተን ነው። ፈተናው የሚደረገው አባ ኮዳ ገና በሚያንቀላፋበት፣ አየሩ እንደ ኩሬ ውሃ በረጋበት ማለዳ ነው። 150 ላይ ቀጥ ብሎ መብረር፣ መርፌው እስኪረጋ መጠበቅ፣ ቀስ ብሎ ስቦ ወደ 90 መውረድ። በደንብ የተካካሰ መርፌ በሰከንድ ከ2 ሜትር ገደማ መስመጥ ወደ 1 ሜትር ገደማ መስመጥ ያለ ወሬ ይሸጋገራል፤ ከዜሮ በላይ አይዘልም። ከዘለለ ማካካሻው ጎድሏል፤ መጀመሪያ ቁልቁል ከጠለቀ ደግሞ በዝቷል። አብራሪዎች ከሁለቱ ጉድለቱን በቀላሉ ይቅር ይሉታል። የሚያሞግስ መሣሪያ ማን ይጠላል?

ፍጹም የሆነ ማካካሻ ግን የለም። በሰዓት 100 ኪሎሜትር ለሚበር ግላይደር ከፊት የ10 ኪሎሜትር ድንገተኛ ነፋስ ቢመጣበት ቱቦው ፍጥነት ጨመርክ ብሎ ያምንና 8 ሜትር ያህል «ሽልማት» በመርፌው ላይ ይጽፋል። ያልተካካሰው መርፌ በዚህ ጉዳይ ላይ ንጹሕ ነበር። ከአንድ ውሸታም ተላቅቆ ለሌላ ውሸታም፣ ለዚያውም ለተማረ ውሸታም፣ እጅ መስጠት ነው።

አሁን አንድ ጠንቃቃ አብራሪ ምክሩን ሁሉ ሰምቶ በማለዳ ተነሳ እንበል። ቱቦውን መረጠ፣ ከጭራው አርቆ ሰካው፣ መገጣጠሚያውን በፕላስተር አሰረ፤ ከዚያ ሦስት ሳምንት ዝናብ ሆነና ጭራው ላይ ሽፋን ሳያደርግ ተወው። ዝናቡ ሲያባራ ወጣ። 150 ላይ ደረሰ፣ ሳበ፣ 90 ላይ ደረሰ። መርፌው ዜሮ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አልዘለለም፣ አልጠለቀም። ደገመው፤ ዜሮ። ሠለሰው፤ ዜሮ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ማካካሻ አይቶ አያውቅም። ፎቶ አነሳው። መሬቱ ወደ እሱ እየቀረበ፣ የምዌይጋ ግራሮች እየወፈሩ፣ ከፍታ መለኪያው ቁልቁል እየቆጠረ መርፌው አሁንም በሙሉ ታማኝነት ዜሮ ያነብባል።

አርፎ ቱቦውን ሲነቅል ቀዳዳው በቀይ ጭቃ ተለስኗል። የጭቃው ባለቤት ተርብ ከጎኑ ተቀምጣ ሁለተኛውን ቤቷን ለመጀመር ቦታ ትመርጥ ነበር።